በስልክ የታገደው የቅዳሜ ውይይት

ጥያቄ

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በኃላፊነት የምሠራ ሴት ነኝ። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን የመጻሕፍት ውይይት እናካሂዳለን። ለሚቀጥለው ወር የመረጥነው ርእስ ‹ቀይ ሽብር በጎንደር› የሚል ሲሆን፣ በዘመኑ ታስረው የተረፉ ሁለት አዛውንትና አንድ የታሪክ መምህር እንዲናገሩ ጋብዘናል። ማስታወቂያውን በር ላይ ከለጠፍን በኋላ ከአንድ የከተማው ኃላፊ ተደወለልኝ። ወቅቱ እንዳልሆነ፣ የቆየ ቁስል መነካካት እንደማያስፈልግ፣ ከበላይም አስተያየት እንደተሰጠበት ነግረውኝ ‹በራስሽ መንገድ ሰርዢው› አሉኝ። ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ስጠይቃቸው ‹ነገሩን አናካብደው› ብለው ስልኩን ዘጉት። በማግሥቱ ደግሞ አባታቸው በዚያ ዘመን የቀበሌ ሊቀ መንበር የነበሩ አንድ የሠፈራችን ሰው መጥተው ‹አባቴን በአደባባይ ልታሰድቢ ነው ወይ?› ብለው ተቆጡኝ። ባልደረቦቼ መብራት ጠፋ ወይም አዳራሹ እድሳት ላይ ነው ብለን እንድናልፈው፣ በዘመኑ ላይ የተጻፉትንም መጻሕፍት ለጊዜው ከመደርደሪያ አውርደን መጋዘን እንድናስገባቸው ይመክሩኛል። ባለቤቴም ‹ልጆችሽን አስቢ› ይለኛል። በሌላ በኩል አንዲት እናት ስለ ውይይቱ ሰምተው መጥተው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ፣ የተገደለው ልጃቸው ስም በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ይኖር እንደሆነ እንድፈልግላቸው ለመኑኝ። ስሙን አገኘሁት፤ የአባቱ ስም ግን ተሳስቶ ነው የታተመው። ‹የት ሄጄ ላስተካክለው?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ልሰርዘው ወይስ ልቀጥል?»

የመጻሕፍት ባልደረባ፣ ከጎንደር

መልስ

ውድ እህቴ፣

መርሐ ግብሩን አይሰርዙት፤ አሁን በታቀደበት መልክም አያካሂዱት። ሁለቱ ምክሮች የሚቃረኑ ስለሚመስሉ ከየት እንደመጡ በዝርዝር አስረዳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ባልደረቦችዎ ሐሳብ ልናገር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነውና።

«መብራት ጠፋ» ብሎ ማለፍ ማንንም የማያስቀይም መንገድ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ቅዳሜ ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ባጃጅ ተሳፍረው የሚመጡት አዛውንት በሩ ላይ ቆመው የሚሰሙት ውሸት የቤተ መጻሕፍቱ ውሸት ነው፤ ሰው ወደ እርስዎ ቤት የሚመጣውም እዚያ የሚያገኘውን ነገር ማመን እችላለሁ ብሎ ነው። ከዚያም በላይ ሰበቡ ኃላፊውን ነፃ አውጥቶ ሸክሙን በሙሉ በእርስዎ ትከሻ ላይ ይጥላል። ነገ አንድ የተጎጂ ቤተሰብ ውይይቱ ለምን ቀረ ብሎ ቢጠይቅ፣ አገድኩ የሚል ባለሥልጣን አይገኝም፤ የሚገኘው መርሐ ግብሯን በአግባቡ ያላዘጋጀች ኃላፊ ብቻ ናት። «በራስሽ መንገድ ሰርዢው» የተባሉትም ለዚሁ ነው።

መጻሕፍቱን መጋዘን የማስገባቱ ሐሳብ ከዚህም ይብሳል። ውይይት ለሌላ ቀን ሊዛወር ይችላል፤ በዝምታ ከመደርደሪያ የወረደ መጽሐፍ ግን ማን እንዳወረደው፣ ለምን እንዳወረደውና መቼ እንደሚመለስ የሚገልጽ አንዳች ወረቀት ስለማይኖረው፣ ኃላፊ ሲቀየር፣ መጋዘን ጠባቂ ሲለወጥ፣ እዚያው ይረሳል። በካታሎጉ ላይ አለ እየተባለ መደርደሪያው ላይ የማይገኝ መጽሐፍ የጠየቀ ተማሪ ሁለተኛ ተመልሶ አይጠይቅም። ደግሞም ይህን እንዲያደርጉ ማንም አልጠየቀዎትም፤ የተደወለልዎት ስለ አዳራሹ ነው። ያልተጠየቁትን አሳልፈው አይስጡ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት ሐሳቡን የመግለጽ፣ መረጃም የመቀበልና የማሠራጨት ነፃነት እንዳለው ደንግጓል። በዚሁ አንቀጽ ሥር ገደብ ሊጣል የሚችለው በሕግ ብቻ መሆኑ የተገለጸ ሲሆን፣ ሕጉም የወጣቶችን ደኅንነት ወይም የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሊወጣ ቢችልም፣ የተንጸባረቀው አመለካከት ይዘት አልተወደደም በሚል ምክንያት ሊወጣ አይችልም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ፣ የትምህርታዊ ጥናትና የሳይንሳዊ ምርምር አካል የሆነ ንግግርን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። እነዚህን የምጠቅስልዎት በስልክ እንዲከራከሩባቸው አይደለም፤ ከአለቃ ጋር በስልክ ሕግ መጥቀስ ነገሩን ወደ እልህ ከመውሰድ ያለፈ ጥቅም የለውም። በቃል ለመጣ ትእዛዝ መልሱ በወረቀት ይሁን።

ሰኞ ጠዋት ለኃላፊው መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ይጻፉ። በዚህ ቀንና ሰዓት በስልክ የተሰጠኝን አስተያየት በአክብሮት ተቀብያለሁ ይበሉ፤ ርእሱን፣ ተናጋሪዎቹን፣ ቀኑንና አዳራሹ የሚይዘውን ሰው ብዛት ይግለጹ፤ ውይይቱ እንዳይካሄድ የሚያስገድድ የጸጥታ ወይም የሕግ ምክንያት ካለ እስከዚህ ቀን ድረስ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እየጠየቅሁ፣ ካልተገለጸልኝ ግን በዕቅዱ መሠረት የምቀጥል መሆኔን በአክብሮት አሳውቃለሁ ብለው ይዝጉ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ወጪ ሆኖ ቁጥርና ማኅተም ያርፍበት፤ ግልባጩ ለቅርብ አለቃዎ ይድረስ፤ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት የገቢ ማኅተም ያረፈበት አንድ ቅጂም በእጅዎ ይቅር። «ታገድኩ»፣ «መብቴ ተጣሰ» የሚሉ ቃላት አይግቡበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ወይ ስልኩ ይረሳል፤ ሁለቱም ዛሬ ካሉበት ሁኔታ ይሻላሉ።

ኃላፊውን በክፉ ዓይን ብቻ መመልከት ግን ተገቢ አይመስለኝም። በክልሉ ያለውን የጸጥታ ሁኔታ እርስዎ በየቀኑ የሚኖሩበት ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ አንዳች ነገር ቢደርስ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እውነተኛ የሆነውን ሥጋት ከሰበቡ ለይተው ይመልሱላቸው። ከሰዓት በኋላ የሚጀመር ውይይት ጥያቄና መልሱ ሲረዝም ሰዓቱ ስለሚመሽ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢጀመር ሁሉም ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። የሚገባው ሰው ቁጥር ከወንበሩ ቁጥር አይለፍ። የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን ሥነ ሥርዓት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል፤ የመጻሕፍት ውይይት በዚያ አዋጅ ሥር ይወድቃል የሚል እምነት ባይኖረኝም፣ ማሳወቁ የሚያጎድልብዎት ነገር የለም፤ «አላወቅንም ነበር» የሚለውንም በር ይዘጋል። የጸጥታው አካል በጽሑፍ ካዘዘ ደግሞ ይቀበሉ፤ በሩ ላይም «በቁጥር ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ መሠረት ወደዚህ ቀን ተዛውሯል» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፉ። አዲሱ ቀን ግን ይጻፍ። «ላልተወሰነ ጊዜ» ከተባለ ተሰርዟል ማለት ነው።

«የቆየ ቁስል አትነካኩ» የሚለውን ምክር ለብቻው ላንሳው፤ በቅንነት የሚናገሩት ብዙ ሰዎች አሉና። ጎንደር ቁስሏን ስትናገር የኖረች ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል፤ ከየአድባራቱ የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ወስደዋል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እዚያ ከተከማቹት መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት በእንግሊዝ ጦር እጅ ገብተው ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ። ይህን የከተማው ሊቃውንት ያስተምሩታል፤ አስጎብኚውም ለእንግዳ ይተርከዋል። ሆኖም የንጉሡ ሐውልት በፒያሳ ቆሟል፤ ልጆችም በስማቸው ይጠራሉ። ንጉሡን መውደድና ያደረጉትን ማወቅ እዚያው ከተማ ውስጥ ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመታት አብረው ሲኖሩ ከተማዋን አላፈረሷትም። ከዚያም ቀደም ሲል በጻድቁ ዮሐንስና በልጃቸው በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን በሃይማኖት ትምህርት የሚለያዩት የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት በነገሥታቱ ፊት ጉባኤ ቆመው ተከራክረዋል። ፍጻሜው ሁልጊዜ ያማረ ነበር አልልም፤ የተረታው ወገን የተወገዘበትና የተጋዘበት ጊዜ ነበር። ክርክሩ በአዳራሽ፣ በጉባኤ፣ በሥርዓት ይካሄድ እንደነበር ግን በፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት እያየ ያደገ የጎንደር ሰው ሊዘነጋው አይችልም።

መንግሥትም ቢሆን ርእሱን የተከለከለ አላደረገውም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም እውነትን ማፈላለግን ከምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። በደብዳቤዎ ውስጥ ይህን በሁለት መስመር ቢያስገቡ፣ ውይይቱ መንግሥት ራሱ ከያዘው መንገድ ጋር የሚሄድ መሆኑን ኃላፊው ለበላያቸው ለማስረዳት መያዣ ያገኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ባለሥልጣን የሚፈልገው እንዲህ ያለውን መያዣ ብቻ ነው።

የሠፈርዎን ሰው ቁጣ ግን ከስልኩ ይልቅ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። እሳቸው ሥልጣን የላቸውም፤ ስማቸውን ይዘው፣ በእግራቸው መጥተው፣ ፊት ለፊት ነው የተናገሩዎት። በጥያቄያቸው ውስጥም እውነት አለ። ከ1969 እስከ 1971 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሀገሪቱ ከተሞች ደርግና የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ብዙ ሺህ ወጣቶችን ፈጅተዋል፤ የዚህን ያህል ባይሆንም ደርግን ይቃወም የነበረው የኢሕአፓ ድርጅት ታጣቂዎች የገደሏቸው የቀበሌ ሹማምንትና በመጀመሪያ ከደርግ ጋር ይተባበር የነበረው የመኢሶን ድርጅት ሰዎችም ነበሩ፤ የእነሱም ልጆች አባታቸውን ቀብረው አድገዋል። በማስታወቂያዎ ላይ ለእነዚህ ሰዎች አንድም ወንበር የለም። ሁለቱን ሞት እኩል አድርገው ይመዝኑ እያልኩ አይደለም፤ በመንግሥት እጅ የተፈጸመ ጭፍጨፋ በክብደቱም በስፋቱም የተለየ ነው። ነገር ግን የሕዝብ አዳራሽ የሁሉም ስለሆነ፣ ሁለት ቅዳሜዎችን በአንድ ማስታወቂያ ላይ ያውጡ፤ አንዱ ለቀይ ሽብር ተጎጂዎች፣ ሁለተኛው በዚያ ዘመን በሌላው ወገን የሞቱባቸው ቤተሰቦች ለሚናገሩበት። አሁን በታቀደበት መልክ አያካሂዱት ያልኩት ለዚህ ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበሩን ልጅም አንድ የሠፈር ሽማግሌ ይዘው ቤታቸው ድረስ ይሂዱ፤ የአባታቸው ስም ያለ ማስረጃ እንደማይነሳ ይንገሯቸው፤ ለሁለተኛው ቅዳሜም ይጋብዟቸው።

ይህን ቃል ለመጠበቅ በተናጋሪዎቹ ላይ አንድ ከባድ ገደብ መጣል ይኖርብዎታል። በአደባባይ ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ ጎንደርን ያስተዳድሩ የነበሩት ሻለቃ መላኩ ተፈራ፣ ሥራቸው በታሪክ የተመዘገበ፣ የእናቶች ሙሾ ሳይቀር የሚያነሳቸው ስለሆኑ ስማቸው ይጠራል። ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን የሠፈር ሰው ግን ገዳይ ብሎ በስም መጥራት በዚያ አዳራሽ አይፈቀድ። አዛውንቱ የደረሰባቸውን ሁሉ ይናገሩ፤ የገራፊያቸውን ስም ግን እንዲተዉ መጠየቅ በራሱ ሌላ ሕመም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ሳይሆን አስቀድመው ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። እንዲህ ከሆነ አልናገርም ካሉም ምርጫቸውን ያክብሩላቸው።

የአዳራሹ አጠቃቀም መመሪያ በጽሑፍ አለዎት? ከሌለዎት፣ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ፣ ስለ ጾታ ማንነት ባላት አቋም ብዙ ሰዎችን ያስቆጣች አንዲት ጸሐፊ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ አዳራሽ እንድትናገር ተይዞ ነበር። ከንቲባው ቅሬታቸውን በይፋ ገለጹ፤ ደራስያን ተቃውሞ ፈረሙ። የቤተ መጻሕፍቱ ዋና ኃላፊ ቪከሪ ቦውልስ ግን አልሰረዙትም፤ ተቃዋሚዎች ከውጭ ቆመው ድምፃቸውን ሲያሰሙ ንግግሩ ከውስጥ ተካሄደ። ስለ ጸሐፊዋ አቋም የምለው የለኝም። ኃላፊዋን በአቋማቸው ያጸናቸው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሌላ ውዝግብ ሳቢያ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ መርምሮ ያሻሻለው የአዳራሽ ኪራይ መመሪያ ነው፤ ማን በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድለትና እንደሚከለከል አስቀድሞ ተጽፎ ስለነበር፣ በዚያ ሳምንት በስሜት የሚወሰን ነገር አልነበረም። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በዚሁ አቆጣጠር በ1994 ያወጡትና በ2022 ያደሱት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫም፣ የቤተ መጻሕፍት ስብስብና አገልግሎት ለርእዮተ ዓለም፣ ለፖለቲካም ሆነ ለሃይማኖት ሳንሱር መገዛት እንደሌለበት ይናገራል።

በቶሮንቶ በከንቲባውና በኃላፊዋ መካከል ቦርድ ነበር፤ በእርስዎና በደዋዩ መካከል ግን ማንም የለም። ስለዚህ ከአንባብያን፣ ከመምህራን፣ ከሀገር ሽማግሌዎችና ከሁለቱም ሃይማኖቶች ሰዎች የተውጣጣ ትንሽ ኮሚቴ ያቋቁሙ፤ የመርሐ ግብር ርእሶች በቃለ ጉባኤ ተፈርመው ይጽደቁ። መመሪያውን ሲጽፉም ራስዎን በአንድ ጥያቄ ይፈትኑ፤ ነገ አንድ የቀድሞ የደርግ መኮንን የራሱን ማስታወሻ አሳትሞ ያንኑ አዳራሽ ቢጠይቅ ይፈቅዱለታል? በልብዎ አይ የሚሉ ከሆነ መመሪያው ገና አላለቀም፤ ውይይቱን የሚጠራጠሩትም ሰዎች ያለ ምክንያት አልተጠራጠሩም።

ስለ እናቲቱ ጥያቄ ደግሞ መልስ አጣሁ ብለዋል። መልሱ እዚያው እርስዎ ዘንድ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ትልቅ መዝገብ ይግዙ፤ የሟቹን ስም እስከ አያት፣ ስሙ የታተመበትን መጽሐፍና ገጽ፣ እንዴት ተሳስቶ እንደታተመና ትክክለኛውን፣ የተናጋሪውን ዝምድና፣ እንዲሁም የሁለት ምስክሮች ስም የሚያስገባ ሠንጠረዥ ያስምሩበት። እናቲቱ መፈረም ስለማይችሉ አሻራቸውን ያኑሩ። በመጽሐፉ ላይ ምንም አይጻፉበት፤ እርማቱን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ተይቦ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ማኅተም አድርጎ፣ በዚያ ገጽ መካከል ማስገባት ይበቃል፤ ቅጂው ለአሳታሚው በፖስታ ይላክ፤ ሌላ ቅጂ አዲስ አበባ ወመዘክር በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይድረስ። ሌሎች ቤተሰቦች ስለ መዝገቡ ሲሰሙ የሚያመጡት ነገር፣ የትኛውም ተናጋሪ በአንድ ቅዳሜ ከሚናገረው የበለጠ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም፤ ውይይቱም እስኪካሄድ መጠበቅ የለብዎትም። በዚህ ሳምንት እናቲቱን ያስጠሩ።

በዕለቱ ሰው በስልኩ በቀጥታ እንዳያሠራጭ መግቢያው ላይ ይነገር፤ ከሁለት ሰዓት ንግግር ተቆርጦ በቲክቶክ የሚሽከረከር የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ የተናጋሪውን ሐሳብ ገልብጦ ያቀርባልና። ድምፁን ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ፣ በተናጋሪዎቹ ፈቃድ፣ ቀርጾ ያስቀምጥ። ጥያቄዎች በወረቀት ተጽፈው ለአወያዩ ይቅረቡ። ኃላፊውም በደብዳቤ ይጋበዙ፤ ከመጡ በመክፈቻው ላይ አምስት ደቂቃ ይናገሩ።

የቀረው የባለቤትዎ ነገር ነው፤ ልጆችዎን እንዲያስቡ መምከራቸው ትክክል ነው። ምንም አይደርስብዎትም ብዬ ልሸነግልዎ አልፈልግም፤ ያለ ፍላጎትዎ ሊዛወሩ፣ ዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ነጥብዎ ሊቀንስ፣ ዕድገት ሊዘገይብዎት ይችላል። የዲሲፕሊን ክስ ከመጣ ግን በጽሑፍ መቅረብ፣ መልስዎም መሰማት ያለበት በመሆኑ፣ ያን ጊዜ የሚያድንዎት ያ የገቢ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። እስከ የት እንደሚሄዱ ከወዲሁ ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። ሥልጣን ካለው አካል የጽሑፍ ክልከላ ከመጣ ኃላፊነትዎን ተወጥተዋል፤ ማስታወቂያውን ለጥፈው፣ መጻሕፍቱን በመደርደሪያቸው ላይ ትተው፣ ወደሚቀጥለው ወር ርእስ ቢያልፉ የሚወቅስዎት ሊኖር አይገባም። በውሸት ሰበብ ላይ ግን ፊርማዎን አያኑሩ። ደብዳቤውን እሑድ ማታ ያርቅቁት፤ ሰኞ ወደ መዝገብ ቤት ከመውሰድዎ በፊት ለባለቤትዎ ያስነብቧቸው፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሲመለስም አንዱን ቢሮ፣ አንዱን ቤት ያስቀምጡ።